ሦስተኛው ጥሪ

የጋራዡ ሠራተኞች ተራራ እንወጣለን ሲሉ ወልዲያ ሳቀችባቸው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሞ የሚውል ሰው ምን ተራራ ያወጣዋል! ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ከመርሳ በላይ ደጋው ላይ ባለው ጤና ኬላ አዋላጇ የስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ ነው የምታዋልደው። ሠራተኞቹ በእግራቸው ወጥተው የመጀመሪያውን ሶላር ካደረሱ፣ የወልዲያና የመርሳ ነጋዴዎች የቀረውን ሊገዙ ቃል ገብተዋል።

ሶላሩን በጀርባው ያዘለው ደጀን ነው፤ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን፣ የገንዘብ ያዧ የእታፈራሁ እጮኛ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል።

"ለሌላ ሰው ስጠው፣ ትወድቃለህ" ብላ ለምናው ነበር።

"እኔ የምገጥመውን ሌላ ሰው አይሸከመውም" አላት። ግትር ነው። እሷም የወደደችለት ያንኑ ግትርነቱን ነው፣ ምን ታድርግ።

ሲሪንቃን አልፈው መርሳ ከመኪና ሲወርዱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ገደል አፋፍ ላይ ከተዘረጋው ቀጭን መንገድ ሲደርሱ፣ ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ዋጣቸው። ከፊት የሚመሩት የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ሀብቴ "ልጆች፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ!" ብለው ጮኹ። እታፈራሁ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ስትል ማንም የለም። የገዛ እጇን እንኳ በቅጡ አታየውም።

"እታፈራሁ!"

የደጀን ድምፅ ነው። ወይም የደጀንን ይመስላል። አቤት ልትል የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው። በእነሱ አገር፣ በጉባ ላፍቶ ደጋ፣ በጉም ውስጥ ስም ሲጠራ በሦስተኛው ካልሆነ አቤት አይባልም። ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ መጥራት አይችልም፣ ቀድሞ የመለሰለትን ግን ወደ ገደል ይወስዳል ይባላል። እናቷ ይህን ስትነግራት እንዳትረሳው ጆሮዋን ቆንጥጣታለች። እታፈራሁ ኮሌጅ ገብታ ሂሳብ ተምራ በዚህ ነገር ስንቴ ስቃለች! አሁን ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

"እታፈራሁ!"

ሁለት። ሦስተኛውን ጠበቀች። ሦስተኛው አልመጣም። በምትኩ ኮቴ ሰማች፤ ቀጥሎ ድንጋይ ተንሸራተተ፣ እየተላጋ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደና ድምፁ ጠፋ።

ሰው ያልሆነ ነገር ድንጋይ አይረግጥም። ደጀን ነበር! ዝም ብዬ ገደልኩት!

"ደጀን!"

ዝም።

"ደጀን!"

አሁንም ዝም። መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ልታለቅስ ስትል ነው ትዝ ያላት፤ ደጀንም የዚያው አገር ልጅ ነው። እሱንም ጆሮውን የቆነጠጠች እናት አሳድጋዋለች። ብድግ ብላ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

"ደጀን!"

"አቤት!"

ከእግሯ ሥር፣ ከገደሉ በኩል ነው። "እንዳትመጪ! አፈሩ ተንዶብኛል። ቁጥቋጦ ይዤ ነው። ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ፣ ወዳንቺ ልሳብ።"

ስሙን ደጋገመችለት። ጠራችው፣ ጠራችው፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ድረስ። በመጨረሻ አንድ እጅ ከጉሙ ወጣ፣ የተላላጠና በጭቃ የተለወሰ። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። ሶላሩ አሁንም ጀርባው ላይ ነው፤ ጥጉ ተጫረ እንጂ አልተሰበረም።

ሁለቱም መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እታፈራሁ ንዴቷ መጣና ደረቱን በቡጢ መታችው።

"ሦስተኛውን ለምን አልጠራኸኝም? ስጠብቅ ነበር እኮ!"

ደጀን የደማ መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

"ሦስተኛውን ጠርቼም ዝም ብትይስ? የለሽም ማለት እኮ ነው። እሱን ፈራሁ" አላት።