የፔንዋርደኖች ሰማያዊ ክር

ልጄ ኬሪን ዘንድሮ ዐሥር ዓመት ሞላት። በእኛ በፔንዋርደኖች ዘንድ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ በመጋቢቱ የቤተሰብ ምሳ ላይ ተነሥቶ የዘር ሐረጉን ይቆጥራል። ከራሱ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ፣ በመርከብ መጥተው ይህን ሸለቆ እስከያዙት እስከ ጆሳያና ሐና ድረስ ይደርሳል። ከዚያ ይጨበጨብለታል። እኔ በልጅነቴ ሳልቆጥር ቀርቻለሁ። ተራው እኛ ሰማያዊዎቹ ጋ ሲደርስ አክስቴ ቬራ “ኧረ ሥጋው ሊቀዘቅዝ ነው!” ይላሉ፤ ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። የልጄ ግን እንዲቀር አልፈለግሁም።

የጆሳያና የሐና ልጆች እያንዳንዳቸው ቀለም አላቸው። የሪቻርድ ዘር ቀይ ነው፣ የአልፍሬድ ቢጫ። እኛ የኦነር ዘር ነን፣ ሰማያዊ። እንዲያ ነው የነገሩኝ። በምሳው ቀን ሁላችንም የቀለማችንን ጥብጣብ ደረታችን ላይ እናደርጋለን። ስማችንም በዚያው ቀለም በትልቁ የገበታ ጨርቅ ላይ ይጠለፋል። የልጅን ስም የምትጠልፈው እናቱ ናት፤ ሌላ እጅ አይነካውም።

እናቴ ትንሽ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደጉኝ ከቀዮቹ ወገን የሆኑት፣ አክስቴ የምላቸው ቬራ ናቸው። ትምህርት ቤት ብዙም አልሄድኩም፤ ለበግ ሸላቾቹ የሚያበስል ሰው ያስፈልግ ነበር። ኬሪን ስትወለድ አክስቴ ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግተው ፊደሎቹን በእርሳስ ጻፉልኝ። አብራኝ ያደገችው ልጃቸው ክላሪስ አጠገቤ ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባች ታቀብለኝ ነበር።

“ቀስ በይ ኖሊን፣ ከእርሳሱ እንዳትወጪ” ትለኛለች።

አልወጣሁም። አሳምሬ ነው የሠራሁት።

ባለፈው ክረምት ከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠውን የንባብ ትምህርት ጀመርኩ። ከኬሪን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐሳቤ እሷ ቆማ ስትቆጥር እኔ ከጨርቁ ላይ እያነበብኩ ልከታተላትና ብትሳሳት ቀስ ብዬ ልጠቁማት ነበር። ተሳስታ ይስቁባት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት።

የምሳው ቀን ጠዋት ከክላሪስ ጋር አዳራሹን ልናሰናዳ ገባን። ሰማያዊው ጫፍ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ዘንድሮ ግን ክላሪስ በፊት ለፊቱ ጫፍ ላይ አምና የፈሰሰ የቀይ ሥር እድፍ አየችና “ይሄማ ያሳፍራል፣ እናዙረው” አለች። አዞርነው። እሷ ሰሐን ልታመጣ ወጥ ቤት ገባች፤ እኔ ጎንበስ አልኩ።

ኦነርን ከወንድሞቿ ተርታ አገኘኋት፣ በነጭ ክር። ከሥሯ “በአራት ዓመቷ ሞተች” ይላል። ጣቴን መልሼ እንደገና አነበብኩት። ያው ነው። ከእሷ የሚወርድ ምንም የለም። ሰማያዊው የሚጀምረው ታች፣ ከጨርቁ ጠርዝ ነው፤ ከማንም ጋር አይገናኝም። “ኔሊ፣ የቤት ገረድ” ይላል። ከዚያ ሴት አያቴ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ እኔ። መጨረሻው ላይ የራሴ እጅ ሥራ አለ። “ኬሪን፣ ከገረዷ ወገን።”

ስሟን ብቻ የጠለፍኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ስም ያን ያህል እንደማይረዝም እንኳ አላውቅም ነበር።

ክላሪስ ሰሐን ተሸክማ ተመለሰች። “ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ።”

“ኔሊ ማን ናት?”

“ማን ነገረሽ?”

“አነበብኩት።”

ሳቀች። “አንቺ? በምንሽ?”

“በዓይኔ።”

ሳቋ ቆመ። ሰሐኖቹን አስቀመጠች። “ኖሊንዬ፣ የድሮ ነገር እኮ ነው።”

“የኬሪንም የድሮ ነው? ክሩን እያስገባሽ ስትሰጪኝ አልነበረም?”

“የጻፈችው እማዬ ናት።”

“አንቺ ግን ማንበብ ትችዪ ነበር።”

“እንዲያ ደስ ብሎሽ እያየሁ ምን ልበልሽ?” አለችና መሬት መሬት ታይ ጀመር።

አክስቴ ቬራ ኬክ ይዘው ገቡ። “ምን ተገትራችሁ ታወራላችሁ? ከሆባርት ከተማ የሚመጡት ዘመዶች መኪና እኮ ደርሷል።” ክላሪስ ነገረቻቸው። ኬኩን አስቀመጡ፣ ሽፋኑን አስተካከሉ፤ ከዚያ ነው ያዩኝ።

“ኔሊ የባሕሩ ዳር ጥቁሮች ልጅ ነበረች፣ እኛ ሳንመጣ እዚህ የነበሩት ሰዎች። ሽማግሌው ጆሳያ በልጅነቷ አምጥቶ እቤቱ አሳደጋት።”

“ማን ሰጠው?”

“በዚያን ዘመን ማን ይጠይቅ ነበር?”

“የልጇስ አባት?”

“አፍንጫሽን መስተዋት ላይ እዪው። ቁርጥ የጆሳያ ነው።”

“ታዲያ ደሙ ካለኝ ለምን ጠርዝ ላይ…”

“ደም ሌላ፣ ገበታ ሌላ። አሳደግንሽ፣ ምሳ ጠራንሽ፣ ጥብጣብ ሰጠንሽ። ሌላ ቤት ቢሆን ይህንንም አታገኚው።”

“መልክሽ የጠየመው የስፔን መርከበኛ ደም ስላለሽ ነው ሲሉኝ የኖሩትስ፣ አክስቴ?”

“ለአንቺው ብዬ ነው።”

ወደ ክላሪስ ዞርኩ። “ይህን ጥብጣብ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቃል?”

“ሁሉም ያውቃል” አለች በቀስታ።

እኔ ደግሞ በየዓመቱ ፎቶ ስንነሣ ከፊት እቆም ነበር፣ ጥብጣቡ እንዲታይ ደረቴን ነፍቼ።

“ለልጅቷ እንዳትነግሪያት” አሉ አክስቴ። “ተራዋን እንደ ሁልጊዜው አሳልፈዋለሁ።”

ወጣሁ። ኬሪን የውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ብቻዋን ቆማ ስሞቹን በጣቷ እየቆጠረች ትለማመድ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እንዴት ማሳመር እንዳለብኝ ስላላወቅሁ እንዳለ ነገርኳት።

“አንቺ ነሽ የጠለፍሽው?” አለችኝ።

“እኔ ነኝ።”

“ምን እንደሚል ሳታውቂ?”

“ሳላውቅ።”

ጥብጣቧን ፈታች። “ኦነር ብዬ ብቆጥር ኖሮ፣ እያወቁ ያጨበጭቡልኝ ነበር?”

“ይመስለኛል።”

“እቤት እንሂድ፣ እማ።”

“እሺ” አልኳት። “መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ። ስምሽን ይዤ ልምጣ።”

ስገባ ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ የበግ ጥብሱም ቀርቧል። ከክላሪስ የስፌት ቦርሳ ትንሿን መቀስ አወጣሁ። ጫፉ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች “ይቅርታ፣ ሰሐናችሁን አንሡልኝ” አልኳቸው። አነሡልኝ።

“ኖሊን! የቅድም አያቶቻችን ጨርቅ እኮ ነው!” ብለው አክስቴ ተነሡ።

“የልጄን ስም የጠለፍኩት እኔ ነኝ፤ የምፈታውም እኔ ነኝ።”

ማንም አልያዘኝም። አጥብቄ ስለጠለፍኩት ለመፍታት አስቸገረኝ፤ ጊዜ ወሰደ። አንድም ሰው አልጎረሰም። ክላሪስ መጥታ አጠገቤ በርከክ አለች። “ኬሪንን እኔ በቀይ ልጥለፋት፣ ከእኔ ልጆች ጎን። ማንም አይናገረኝም።”

“ለልጄ ዳግመኛ መርፌ እንዳትይዢ።”

የመጨረሻው ክር ወጣ። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ከላዩ የእኔ ስም አለ፣ “ኖሊን፣ ከገረዷ ወገን”፣ በእናቴ ስፌት። ያን መንካት አልቻልኩም፤ የእሷ እጅ ነው።

“እናቴ ማንበብ ትችል ነበር?” ብዬ ጠየቅሁ።

አክስቴ ቬራ ተቀመጡና ቢላዋቸውን አነሡ።

“አክስቴ፣ ትችል ነበር ወይ?”

“ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው” አሉ።

የሳቀ ግን የለም።