የያዘው ጥፍር

የመሃል ጣቴ ጥፍር ተነቅሎ ከቀለበቶቹ መሃል ዱብ ሲል፣ ቀለበት ልትመርጥ የመጣችው ልጅ እጇን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበች። እጮኛዋ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ወርቅ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ የሚቆም ሰው ፊቱ ቢያስጠላም ግድ የለም፤ ቀለበት የሚታየው በእጁ ላይ ነው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት እትዬ የቀጠሩኝ ለእጄ ነው። ከአንገት በላይ ያለውን በምርቃት ነው የወሰዱት።

ደንበኞቹ ሲወጡ እትዬ ጥፍሩን በሁለት ጣታቸው አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ስንተኛው ነው? ሌላ ከወደቀ አንቺም አብረሽው ነው የምትወድቂው።"

"እሺ እትዬ።"

ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ መስታወት ጀርባ ከወጣሁ የአባባ መድኃኒትም አብሮኝ ይወጣል።

አባባ ግንበኛ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ካለው ወዲህ ሽንቱ ሳያውቀው ያመልጠዋል። ዳይፐር ሞክረን ነበር፤ ገላው ቆሰለና የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከለከለችን። ስለዚህ በየማለዳው አንሶላውን ሳፋ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ሙቅ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ከዚያ ማሸት ነው። የራሴ ጥፍር በዚህ አልቆ ወረቀት ሆኗል፤ የሚለጠፈውን ጥፍር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ጓንት አድርጌም አይቻለሁ። ከውስጥ በላብ ይርሳል፣ ከላይ በአንገቱ ውሃ ይገባል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ጓደኛዬ ምላጭ እቤታችን መጣችልኝ። ጥፍር ሠሪ ናት፤ ምላጭ ያልናት ለምላሷ ነው። አባባ እግር ሥር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ጭኗ ላይ አደረገችና ጀመረችልኝ።

"ጥፍር ነው የሠራሁልሽ እንጂ ባልዲ አልሠራሁልሽም! ስሚኝ። የራስሽ ጥፍር ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የተለጠፈው ግን ባለበት ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲቀር መሃላቸው ያለው ሙጫ ይላቀቃል። በዚያች ስንጥቅ ደግሞ በረኪናሽ ይገባና የተረፈውን ይበላዋል። በሙጫዬ እንዳታሳብቢ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አትጠቢያ!"

"አንቺ ታጥቢልኛለሽ?"

ሙጫዋን ከፍታ ጥፍሬን መለጠፍ ቀጠለች።

"ልክ ናት፤ ልስንም እንዲሁ ነው" አለ አባባ ከትራሱ ላይ። "ከጀርባው ውሃ የገባበትን ግድግዳ ምን ብትለስኚው ይወድቃል። መጀመሪያ ውሃውን ማቆም ነው።"

ሳቅን። ስለ ሥራው ካወራ ስንት ጊዜው! ደስም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንሶላው መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ረጥቦ አገኘሁት፤ እያደር ጭራሽ ደረቅ ሆነ።

"አባባ፣ ምን ተገኘ?"

"ገላዬ መታዘዝ ጀመረ መሰለኝ።"

አመንኩት። መልካም ወሬ ማን መርምሮ ይቀበላል? ጠዋት አልጋው አጠገብ የምሞላለት ጆግም ስመለስ ባዶውን ነው የሚጠብቀኝ፤ እየጠጣም ይደርቃል ማለት ነው ብዬ ሳፋውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ነገ ይቀመጣል፣ ከነገ ወዲያ በክራንች ይቆማል እያልኩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሬ። ዐሥሩም ጥፍሮቼ ቀጥ ብለው ያዙ። እትዬ ሳይቀሩ እጄን ወደ መብራቱ አዙረው አዩና "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ትናንት ከሰዓት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች ወርቅ ቤቱ ድረስ መጣች። "አባትሽ ይቀባዥራል" አለችኝ። ስደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ "አሸዋ ጨምሩ፣ አሸዋ" ይላል በደረቀ ምላሱ። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው በላይ ያለውን መስኮት አሳየችኝ።

"በየቀኑ ውሃውን በዚህ ሲደፋው አየዋለሁ። ያደረ ውሃ መስሎኝ እኮ ነው . . ." አልጨረሰችውም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መረመረውና ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ ዘግይታችኋል አለኝ። ቀጥሎ ውሃ በደንብ መጠጣት ካቆመ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥፍሮቼን አየሁ፤ መያዝ ከጀመሩበት ቀን ነው ቆጥሬ የነገርኩት።

ተናደድኩ። በእትዬ፣ በምላጭ፣ በራሴ፣ ከሁሉም ይበልጥ በአባባ ተናደድኩ። ማን ጠይቆህ? የአውራ ጣቴን ጥፍር በጥርሴ ይዤ ሳብኩት። አልነቀል አለኝ። ሌሎቹንም ሞከርኩ፤ አንዱም ንቅንቅ አላለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጉሉኮስ ተደርጎለት ትንሽ ነፍስ ዘራ። ነርሷ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አጠጪው አለችኝ። ማንኪያውን ሳስጠጋለት እጄን አየና ፈገግ አለ።

"ያዘልሽ?"

"ያዘልኝ፣ አባባ። አሁን ጠጣ።"

አፉን ገጠመ።

"ባክህ አባባ! ሥራውም ገደል ይግባ። ጠጣልኝ።"

"ነገ ሥራ ትገቢያለሽ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማንኪያው አገጩን ነክቶ ውሃው ትራሱ ላይ ፈሰሰ። በእጁ ዳበሰው።

"ውይ ልጄን" አለ፣ "አረጠብኩብሽ።"