ስልኩ ውስጥ ያለችው እማ

፩

መጀመሪያ ጫማሽን አውልቀሽ በእጅሽ ያዢ። ሻንጣሽ ከትናንት ጀምሮ ጎረቤት ስላደረ ስለሱ አታስቢ። ልጅቷን አክስቷ ጓሮ ወስደው ዶሮ እያሳዩዋት ነው። ዶሮዎቹ የተበተነላቸውን ጥሬ ለቅመው እስኪጨርሱ ጊዜ አለሽ። አትሳሚያት፤ ከሳምሻት ታውቃለች። ወደ ጓሮም አትመልከቺ፤ ከተመለከትሽ ትቀሪያለሽ። የግቢውን በር ስትከፍቺ ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ አለበለዚያ ይንጫጫል።

አሁን ውጪ።

፪

ወጣች።

፫

ይህን መመሪያ ማንም ጽፎ አልሰጣትም። በአፍ ነው የደረሳት፤ ከባሏ እህት፣ ከጎረቤት፣ ከገዛ እናቷም ጭምር። በዚያ ሰፈር ሕፃን ልጅ ትቶ የሚሄድ ሰው ሳይታይ ነው የሚወጣው። ልጁን ስሞ፣ ተሰናብቶ የሚሄድ ሰው እንደ ጨካኝ ይታያል። በቁጥር ከፋፍዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቆራርጬ ካልጻፍኩት የምጨርሰው አልመሰለኝም።

፬

ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ፤ ብዙ አይደሉም።

ባንቺአምላክ፣ ሁሉም ሰው ባንቺ የሚላት፣ ቡሬ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ዲግሪዋን እንደ ብዙ መምህራን በክረምት ነው የምትማረው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪዎቿ ያርፋሉ፤ እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ባለፈው ክረምት ልጇ ገና ጡት ላይ ስለነበረች ትምህርቱን አቋርጣለች። ዘንድሮም ካቋረጠች ስሟ ከመዝገብ ይወጣል።

ልጅቷ ናርዶስ ናት፤ ናርዲ። መስከረም ሲጠባ ሁለት ዓመት ይሞላታል።

አንማው ባሏ ነው። ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ማታ ዱቄት ለብሶ ይገባል። ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲወስን ደግሞ እህቱን የሚያይ ሰው ነው።

እትዬ ጥሩዓለም የአንማው ታላቅ እህት ናቸው። የራሳቸውን ልጆች አሳድገው፣ ድረው ጨርሰዋል፤ ክረምቱን ናርዲን ሊይዙላት ከገጠር ድረስ መጡ። ከልባቸው ነው የመጡት። ይህ ታሪክ ክፉ ሰው የለበትም። ፈልጌ ባገኝ ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ የምናደድበት ሰው አላጣም ነበር።

፭

ስልክ

በመጀመሪያው ማታ ባንቺ ደውላ አወራች። «ናርዲዬ፣ እማ ነኝ፣ በላሽ?» አለች። ናርዲ ስልኩን ገልብጣ ከኋላው አየች። አልጋ ሥር ገብታ አየች። ከበሩ ኋላ፣ ከቡሃቃው ኋላ፣ ከዚያም በዝናብ ወጥታ እስከ ግቢው በር ድረስ ፈለገቻት። ከዚያ የሆነውን እትዬ ናቸው በማግስቱ የነገሯት፤ እስክታስመልስ አለቀሰች፣ በአንማው ትከሻ ላይ እየተንሰቀሰቀች ተኛች።

«ልጄ» አሏት እትዬ፣ «የሚያባብሳት ድምፅሽ ነው። እስክትለምድ ድረስ አትናገሪ።»

አንማውም ይሻላል አለ። ባንቺም እሺ አለች። ግን ጨርሶ አለመደወሉን ልቧ እምቢ ስላላት አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ማታ ማታ ስልኩን ለናርዲ ይስጧት፣ እሷ ትንፍሽ አትልም፣ ትሰማታለች ብቻ።*

* ይህ የባንቺ የራሷ ሐሳብ ነው። ሌላ ሰው ላይ እንዳታላክኩት ብዬ ነው እዚህ ግርጌ ያስቀመጥኩት።

፮

ስልክ

ናርዲ፦ እማ።

ባንቺ፦

ናርዲ፦ እማ፣ ድመት።

ባንቺ፦

እትዬ (ከወዲያ)፦ ድመቷ ምን አደረገች? ንገሪያት።

ናርዲ፦ ሄደች።

ባንቺ፦

ናርዲ፦ ቻው።

፯

ከባንቺ ስም ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ አታሚው የረሳው እንዳይመስላችሁ። እዚያ ውስጥ ባንቺ አለች። የመኝታው ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ስልኩን ጆሮዋ ውስጥ ልትከተው ደርሳለች። ሰው በደረጃው ሲያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አብራት የምታድረው መምህርት ስንዱ ትባላለች፤ ተጫዋች ናት። ባንቺ ወደ ክፍል ስትመለስ «ዛሬስ ዜናው ምን ይላል?» ትላታለች። ባንቺም ትነግራታለች። ዛሬ ድመት አለች፤ ዛሬ ዝናብ አለች፤ ዛሬ ደግሞ ሁለት ቃል ገጣጥማ «አባ ነጭ» አለች፣ ከዱቄቱ ጋር አይታው ነው። ስንዱ ስትስቅ እሷም ትስቃለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ትከናነባለች።

፰

በዚያ ክረምት ከወሰደቻቸው ትምህርቶች አንዱ የሕፃናት አስተዳደግ ነበር፤ ጥሩ ውጤትም አመጣችበት። ይህን ስጽፈው ሆን ብዬ የፈጠርኩት ይመስላል። ስለዚህ ትምህርቱ ሒሳብ ነበር እንበል፣ እንለፈው።

፱

ስልክ

ሐምሌ እየገፋ ሲሄድ ናርዲ ማልቀሷን ተወች። አባቷ ከሥራ ሲገባ ወደ ኪሱ ትሮጣለች። ስልኩን ተቀብላ ከበሩ ኋላ ትገባለች፤ እዚያ ለራሷ ቦታ አበጅታለች። ያየችውን ሁሉ ታወራለች። ትል ታወራለች፣ ድንች ታወራለች፣ የጎረቤት ልጅ ገፋኝ ብላ ትከሳለች። ስልኩ አይቆጣም፤ አያቋርጥም፤ እንደ እትዬ «ነይ ብይ» አይልም። ስትጨርስ መስታወቱን ስማ ለአባቷ ትመልሳለች።

እትዬ ጉድ አሉ። «ምን የመሰለች ልጅ ሆነች፣ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችኝ» እያሉ ለጎረቤት አወሩላት። አንማውም ለባንቺ በኩራት ነገራት።

ባንቺም ደስ አላት። ይህን መሸፈን አልፈልግም። ልጇ ስላላለቀሰች ደስ አላት፤ ማታ ማታም ስለምታወራት ልጇን የያዘቻት መሰላት።

መሰላት።

፲

ለቡሄ ክፍል ስላልነበረ ባንቺ ለማንም ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፈረች። መናኸሪያ ስትደርስ ለአንማው ደወለች። አንማው በዱቄቱ እንደተለወሰ መጣና አቅፎ ሳማት።

«እትዬ ለመልመድ ጥቂት ነው የቀራት ይላሉ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አሁን አይታሽ ነገ ስትሄጂ እንደ አዲስ ትጀምራለች።»

«ሳላያት ልመለስ?»

«እያት። አትይሽ ብቻ።»

እንዲህ ሆነና ባንቺ የገዛ ቤቷን ከጎረቤት ግቢ አሾልካ አየች። በሁለቱ ግቢ መሐል የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ጎረቤታሞች እሳትና ጨው የሚቀባበሉበት ትንሽ በር አለች። ባንቺ ያቺን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ግቢዋ ገብተው ዱላቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ናርዲ እግሯ ረዝሟል። ፀጉሯን ሌላ ሰው ነው የሠራት። ሙልሙሏን ከፍ አድርጋ ይዛ ለመዝለል ትሞክራለች፤ እግሯ ግን መሬቱን አይለቅም። ባንቺ በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ናርዲ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ሙልሙሉ ተንከባለለ። ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘችና አፏን ከፈተች።

«እትዬ!»

የባንቺ እጅ በሩ ላይ ነበር። እትዬ መጥተው አነሷት፣ አራገፏት፣ አባበሏት። ባንቺ በሩን መልሳ ዘጋችው።

በማታው አውቶቡስ ተመለሰች።

፲፩

ያን በር ገፍታ ብትገባ ኖሮ ናርዲ ታለቅስ ነበር። በማግስቱም ስትለያት ታለቅስ ነበር፣ ምናልባት እስክታስመልስ። እትዬ ያዝኑ ነበር። አንማውም ይጨነቅ ነበር። ግን ልጅቷ እማ የምትባለው ፊት ያላት፣ የምትመጣና የምትሄድ ሰው መሆኗን ታውቅ ነበር። ባንቺ ይህን ደጋግማ ታስበዋለች። ልብስ ስታጥብ ታስበዋለች፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማም ታስበዋለች። በዚያች በር በኩል እሳት ያልፋል፣ ጨው ያልፋል፤ እሷ ነች ያላለፈችው። ይቆጫታል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

፲፪

ፈተናው አልቆ ጳጉሜን ላይ ባንቺ ቤቷ ገባች። በዋናው በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዋን ተጫምታ ገባች።

እትዬ እልል ብለው ተቀበሏት። ናርዲን ከፊታቸው ወደፊት ገፋ አድርገው «ይኸው! እማ መጣች!» አሏት።

ናርዲ ፊቷ በራ። ዞራ ሮጠች።

ወደ አባቷ ኪስ።

አንማው የኪሱን አፍ በእጁ እንደሸፈነ ቀረ። እትዬ «እቺ ናት እኮ እማ፣ ሳሚያት» ቢሏት ናርዲ እንደ ጨዋ ልጅ መጥታ የባንቺን ጉንጭ ሳመችና እትዬ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። እንግዳ የምትስመው እንዲህ ነው፤ ያስተማሯት እትዬ ናቸው፣ በደንብ አስተምረዋታል።

ባንቺ ያመጣችላትን ቀይ ጫማ አደረገችላት። ናርዲ ወደደችው። እግሯን እያነሳች አየችው። ከዚያ አባቷን «ስልክ» አለችው፤ «ለእማ ላሳያት።»

እትዬ መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ያለ ድምፅ አለቀሱ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ ጉድ ያደረግሁሽ።»

«አይ እትዬ» አለች ባንቺ። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ።»

የትኛው በር እንደሆነ እትዬ አልጠየቁም።

፲፫

አመሻሹ ላይ ነው። ናርዲ ከሣሎኑ በር ኋላ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። በበሩና በወለሉ መሐል ባለው ክፍተት ቀዩ ጫማ ይታያል። አንማው ስልኩን ሰጥቷታል፤ ግን ማንም ስላልደወለ መስታወቱ አልበራም። «እማ? እማ?» ትላለች። ታናውጠዋለች። ብቅ ብላ «አባ፣ እማ የለችም» ትለዋለች። አንማው ሚስቱን ያያል።

ባንቺ ስልኳን አንስታ ወደ በረንዳ ትወጣለች። ከሰዓት የጣለው ዝናብ ቆሟል፤ ከጣሪያው ብቻ ይንጠባጠባል። ወደ ባሏ ስልክ ትደውላለች። ውስጥ ሲጮህ ይሰማታል። ናርዲ እየሳቀች ወደ ቦታዋ ስትመለስም ይሰማታል።

ብትናገር ልጅቷ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ማታ ስልኩን ገልብጣ ልትፈልጋት ትችላለች፤ ስትፈልጋትም በረንዳው ላይ የምታገኘው እንግዳዋን ነው። ዝም ብትል ደግሞ ናርዲ ደስ ብሏት ትተኛለች፣ ነገም እንዲሁ፣ ባንቺም በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ትከርማለች። ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጽፌ ነበር፤ ሁለቱንም ሰረዝኳቸው።

፲፬

ስልክ

ናርዲ፦ እማ?

ባንቺ፦

ናርዲ፦ እማ፣ ጫማ። ቀይ።

ባንቺ፦

ናርዲ፦ እንግዳ ሰጠችኝ።

ባንቺ፦

ናርዲ፦ እማ፣ ነይ።

ባንቺ፦