የመጀመሪያው ዓመት ማሳ

የልጅ ልጄ የምሥራች ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ አገራችን ቆሰበር በጉም ተሸፍና ነበር። ብርድ ልብሷን ሳይቀር ተሸክማ መጣች። ለዕረፍት የመጣ ሰው እንዲያ አይሸከምም።

«አልመለስም፣ አባባ» አለችኝ። «አዋላጅ ልሆን ሄጄ የአገር ካርታ ተማርሁ። ሎጂክ ተማርሁ።»

«አዋላጅነቱስ?»

«የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ነው ይላሉ። ከዚያ በየትምህርት ክፍሉ ይደለድሉናል፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ልምምድ፤ አራተኛው ዓመት ላይ ጽሑፍና ምረቃ። ማን ይጠብቃል? ጥሊሊ ከተማ ሱቅ እከፍታለሁ።»

እናቷ፣ ልጄ፣ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። አዋላጅነትን ለምን እንደመረጠች ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

በማግሥቱ ማሳው ዳር ተቀምጬ አሸለብሁ። በሕልሜ የምሥራች መማሪያ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ወንበሮቹ በትልም በትልም ተደርድረዋል። ነጭ የለበሰ መምህር በመካከላቸው ያለ ድምፅ ይሄዳል። የተማሪዎቹ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት አፈር ውስጥ ነው። የሞተችው ልጄም ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንደ ሌሎቹ ትጠብቃለች።

የከብት ኮቴ ቀሰቀሰኝ። የጎረቤቴ አማች አበረ በሬዎቹን ወደ ማሳዬ ይነዳል። ጤፉ ከታጨደ ማሳ ለሁሉም ከብት ክፍት ነው፤ የአገር ልማድ ነው። አበረ ግን ከጫግኒ ቆላ የመጣ ነው፤ የእኛን ተክል አያውቅም።

እኔ ሳልነሣ የምሥራች ከቤት ሮጣ ደረሰች።

«መልስ! መልስ አንተ!»

«ታጭዷል እኮ! አያ ቢሻው፣ ይቺ ተማሪ ባዶ መሬት ትጠብቃለች እንዴ?» አለኝ።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትነዳ? ዛፍ ተተክሎበታል!»

«የታለ ዛፉ?»

ተንበርክካ የጤፉን ቅሪት ገለል አደረገች። ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ታየች። ለከሰል የምንተክለው ዲከረንስ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ እንዘራለን።

አበረ ሳቀ። «ይቺ መቼ ነው ዛፍ የምትሆን?»

«አራተኛው ዓመት ላይ መጥተህ እያት» አለችው።

ተናግራ ችግኟን ትኩር ብላ አየቻት። አበረ በሬዎቹን መለሰ። አንዲት ችግኝ ተረግጣ ነበር፤ አፈሩን በጣቷ ጠቅጥቃ አቆመቻት።

ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሷን ተሸክማ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ የሚመልሳትን ሚኒባስ ልንጠብቅ መንገድ ዳር ቆምን። ስለ እናቷ ያኔ ጠየቀችኝ።

«ምጡ መቼ ጀመራት? ማን ነበር አጠገቧ? ደሙስ?»

የማውቀውን ነገርኋት። ሚኒባሱ መጣ። ገብታ በመስኮቱ «የተማረ አዋላጅ ቢኖር ትተርፍ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኋት።