እያወሩ መሮጥ

እኔ ከጎጃም ነቀምቴ ተመድቤ የመጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። ባሕሩ ደግሞ የስፖርት መምህራችን ነው። ደረጃ ስወጣ ሳለከልክ አየኝና «በየማለዳው ሩጥ» አለኝ። «ጀማሪ ፍጥነት ምን ያደርግለታል? እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንስ።»

ለእሱ ቀላል ነው! ሚስቱም ልጆቹም አብረውት ይሮጣሉ። እኔ ከማን ጋር ላውራ?

ጨለለቂ ሰፈር ስደርስ ግን አዴ ቀለሟ ሱቃቸውን እየከፈቱ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። እዚህ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ጥሎ መሮጥም ነውር ነው። ስለዚህ ፊታቸው ቆሜ፣ እግሬ እንዳይቀዘቅዝ መሬቱን እየረገጥኩ እመልሳለሁ። ቤተሰቡስ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ይሉኛል። እኔም በኦሮምኛው «ነጋ» ብዬ፣ «ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» እላለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ከብትማ፣ የተከራየኋት ክፍል ለእኔም አትበቃ።

ትናንት ሱቁ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ልጃቸው ኑኑ ቁምባ የሚባል ወረዳ ወልዳ ሊያርሷት እንደሄዱና ቶሎ እንደማይመለሱ ጎረቤቱ ነገረኝ።

ሩጫዬን ቀጠልኩ። ምክር ምክር ነውና ጠያቂም መላሽም ሆኜ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ።

«ቤተሰቡስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ልጆቹስ?»

እዚህ ላይ ማውራት አቃተኝ። ባሕሩ እንዳለው ቀነስኩ። ቀንሼም አልሆነልኝምና በእርምጃ ሄድኩ። በመጨረሻ መንገዱ መሀል ቆምኩ። ትንፋሼ ደህና ነበር፤ መልሱ ግን አልወጣ አለኝ።