ሦስተኛው ምልክት

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት የካቲት ውስጥ አርባ ምንጭ ላይ ከእኔ የበለጠ የተቁነጠነጠ ሰው ነበር ቢሉኝ አላምንም። ካሱ እባላለሁ፤ የጥበቃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ብስክሌት፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶኛል። በእነዚህ ሦስት ዕቃዎች ከላይኛው ከተማ ከሸቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሸቻ ስመላለስ ሱሪዬ ከመቀመጫው ላይ ሳስቶ ነበር።

አለቃዬ ጓድ አበጋዝ ምሥራቅ ጀርመን ስምንት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ «የተቀናጀ የጥበቃ ሥርዓት» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ሞኝ አልነበረም። ነዳጅ ማከማቻው፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ስልክ ቤቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የእህል መጋዘኑና ትምህርት ቤቱ ሁሉም የየራሳቸውን በር ነበር የሚጠብቁት። መጋዘኑ ቢዘረፍ ባንኩ የሚሰማው በማግስቱ ገበያ ላይ ነው። አበጋዝ ሰባቱም አንዱ ሲነካ ሌላው እንዲሰማ ፈለገ። እዚያ አገር ይህን የሚሠራው ሳይረንና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እዚህ ግን መብራቱ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል፤ ሳይረኑም ተጠይቆ ተጠይቆ ቀረ። በመጨረሻ ሰባት ጡሩምባ ተገዛ።

አበጋዝ ዘጠኝ ዓይነት ምልክት የያዘ ሠንጠረዥ አወጣ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ረጅምና አጭር፣ ብቻ የማያልቅ ጣጣ። ዘበኞቹ አብዛኞቹ ጋሞዎች ናቸው፤ አማርኛውን እዚሁ ከተማ ሥራ ላይ የለመዱት፣ ግማሾቹም ማንበብ የማይችሉ። ሰው እንዳይደናገጥ እያልን አዳራሽ ውስጥ በአፋችን «ጡ… ጡ…» እያልን ስንለማመድ የባንኩ ዘብ ገነነ ሌባ ሲባል እሳት፣ እሳት ሲባል ጎርፍ እያለ አበደብን። አበጋዝ ይጮሃል፤ ገነነ ይስቃል። ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ ሊመጣ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ማለዳ ዘጠኙን ወደ ሦስት አወረድኳቸው። አንደኛው ሌባ፣ ሁለተኛው እሳት። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ በየበሩ አንድ ዘብ ይቀራል፣ ሌላው ሁሉ ጡሩምባው ወደተነፋበት ይሰበሰባል። ለዚህኛው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ድምፅ ሰጠኋቸው። የእድር ጡሩምባ ሰው ሲሞት የሚነፋውን፣ ሁለት ረጅም፣ ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ሰበር የሚለውን። ያንን የሰማ ያለበትን ጥሎ መምጣት እንዳለበት ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ገነነ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ያዘው፤ በብልጠቴ ተመጻደቅሁ።

ፊቱን ያጨፈገገው ጋሽ ደበሌ ብቻ ነበር። ጋሽ ደበሌ የነዳጅ ማከማቻው ዘብ ነው፤ በሲቀላ እድርም ጡሩምባ የሚነፋው እሱ ነው። «ይሄማ የሞት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እንዳያስብ ነገርኩት። የእድር ጡሩምባ ተቆጣጣሪው ለሚመጣበት ሳምንት ተከልክሏል፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ማኅተም ያስመታሁትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሚምታታ ነገር የለም። ደግሞስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማን ይሞታል አልኩት። በዚሁ አፌ ነው ያልኩት።

ሳምንቱ ሲገባ ደበሌ ፈቃድ ጠየቀኝ። ሚስቱ አገርነሽ በወባ ከወደቀች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዝ እርሻው መካከል ነው፤ ከጎረቤታቸው ከጌጤ በቀር አጠገባቸው ሰው የለም። አዘንኩለት፤ ግን እንደ እሱ የሚነፋ ሌላ ዘብ አልነበረንም፣ ተቆጣጣሪውም የሚመጣው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ትለፍና አሥር ቀን ዕረፍ አልኩት። ወደ በሩ ተመለሰ።

ሐሙስ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ብስክሌቴ ላይ ነበርኩ። ሰባቱን በር ሁለቴ ዞርኩ። ቁልፎች ነካካሁ፣ የዘበኞቹን የኮት ቁልፍ አስተካከልኩ፣ ስልክ ቤት ገብቼ አበጋዝን «ሁሉም ደህና ነው» አልኩት፤ ወጥቼ መቶ ሜትር ሳልሄድ ደህናነቱን ተጠራጠርኩና ተመለስኩ። ሙከራው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ነዳጅ ማከማቻው በር ላይ ሆኜ በጡሩምባው አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ እያሰርኩ ሳለ ጌጤ ከሙዙ በኩል እየሮጠች መጣች። ደበሌን በጋሞኛ አነጋገረችው። አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አገርነሽ ሞተ» አለኝ ደበሌ።

ዓመቱን ሙሉ ሪፖርት ሲያቀርብልኝ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ሲያደርግ እያረምኩት ነበር የኖርኩት። የዚያን ቀን አላረምኩትም። ትከሻውን ያዝኩና ያለኝን ሁሉ ለመንኩት። እስከ ዐሥር ሰዓት ብቻ ይታገሥ። ተቆጣጣሪው ዐሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ይነፋል፣ ከተማው ይወጣል፣ ፀሐይ ሳትገባ ትቀበራለች። ጌጤንም እንዳታለቅስ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ቤት ገብታ እንድትጠብቅ ነገርኳት። የነገርኳትን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። የደበሌን ዝምታ እሺታ አድርጌው ብስክሌቴን ሳዞር ጡሩምባው ከኋላዬ ተነፋ። ሁለት ረጅም፣ ሁለተኛው ሰበር ያለ። በመንግሥት ጡሩምባ ለሚስቱ ነፋላት።

ሥርዓቱ ሠራ፤ ቃል በቃል ሠራ። መጀመሪያ ከባንኩ ገነነ ጠመንጃውን ይዞ ደረሰ፣ ከዚያ የመጋዘኑ፣ ከዚያ የፓምፑ ዘብ። ከእነሱ ኋላ ሲቀላ በሙሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ሱቃቸውን ዘግተዋል። የእድሩን ዕቃ የምትይዘው ማሚቱ ድንኳን የሚሸከሙ አራት ጎረምሶች አስከትላለች። ሁሉም ደበሌን ያያሉ፤ ማን እንደሞተ እንዲነግራቸው ይጠብቃሉ። ልክ በዚያ ሰዓት ከሸቻ በሚወርደው መንገድ የተቆጣጣሪው ላንድክሩዘር መጣ፣ ከተቀጠረው ሰዓት ቀድሞ።

አበጋዝ መጀመሪያ ወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተቆጣጣሪው ወፍራም፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ሰዓቱን አየ፣ ሕዝቡን አየና ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። በጭንቅላቴ ውስጥ የምትመላለስ አንዲት ቃል ነበረች፦ አሻጥር። ባለፈው ወር አንድ የፓምፕ ሠራተኛ የውሃ መዝጊያ ከፍቶ ረሳ ተብሎ በዚህች ቃል ተወስዷል፤ ቤተሰቡ ስንቅ የሚያደርስበትን ቦታ እንኳ አያውቅም ነበር። ያለፈቃድ በመንግሥት ጡሩምባ የሰባት ተቋማትን ጥበቃ ያነቃነቀ ዘብማ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ያንን የሞት ድምፅ ምልክት ያደረገው ጸሐፊም እንዲሁ። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ፤ ለራሴም ፈርቻለሁ።

ደበሌ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጆሮው ሥር ደረስኩ።

«ጋሽ ደበሌ፣ ከታሰርክ ማን ይቀብራታል?»

አፉን ዘጋ። እኔም ድምፅ ማጉያውን አነሳሁ።

«ይህ ልምምድ ነው። የሞተ ሰው የለም። ወደየቤታችሁ ተመለሱ።»

ሳቅ ተነሳ፣ የተገላገለ ሰው ሳቅ። አንዳንዱ ረገመን፤ በሞት ይቀለዳል ወይ እያለ። ማሚቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ያልሞተ ይሻላል ብላ ጎረምሶቹን ከነድንኳናቸው መለሰቻቸው። ደበሌ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ተቆጣጣሪው ደስታውን አልቻለውም። ጡሩምባውን መንገድ ላይ ሰምቶት ነበር፤ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ዘቡ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡም ጭምር መቀናጀቱን በየትም ክፍለ ሀገር አላየሁም አለ። የደበሌን እጅ ጨበጠ። ጡሩምባውን ደረቱ ላይ እንዲይዝ አድርጎ ፎቶ አስነሳው፤ ቀና በል አለው፣ ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አልመሽ አለኝ። ሰባቱን በር ከተቆጣጣሪው ኋላ ዞርኩ። ለምሳ ዓሣ ቀረበ፤ ሳልነካው ተነሣሁ። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የካቲት ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላው ራሱ ያቃጥላል። አገርነሽ በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ጌጤ ብቻዋን ዝንብ ትከላከልላታለች፣ እንዳታለቅስ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሰዓቴን አያለሁ፤ ሰባት ሰዓት ከአምስት፤ ደግሜ አያለሁ፣ ሰባት ከሰባት። በማከማቻው በር ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ደበሌ እንደተተከለ ነው፤ አላየኝም፣ ወይም ማየት አልፈለገም። ለአንድ ሰው፣ ለማሚቱ እንኳ፣ ሹክ ማለት እችል ነበር። ፈራሁ እንጂ እችል ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ላንድክሩዘሩ በአዲስ አበባው መንገድ በጫኖ በኩል ወጣ። አቧራው ሳይበርድ ብስክሌቴን እያበረርኩ ደረስኩና «በል ንፋ» አልኩት።

ነፋ። ጠበቅን። እንደገና ነፋ፤ ከጠዋቱ የበለጠ ረዘመ፣ ሰበሩም የባሰ አንጀት ይበላ ነበር። ከማዶ ከጠጅ ቤቱ አንድ ሰው ብርሌውን ወደ እኛ አንሥቶ አጨበጨበ። ገነነ ከባንኩ በር ላይ እጁን አውለበለበና ቦታው ላይ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነፋ አንዲት ሴት ወጥታ መስኮቷን ዘጋች። ማንም አልመጣም።

ደበሌ ጡሩምባውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደገፈ።

«አንተ ነህ አልሞተም ያልክ» አለኝ። «አንተ ንገር።»

ወደ ኩልፎ በእግሩ ሄደ። ድምፅ ማጉያው ብስክሌቱ ላይ እንደታሰረ ነው፤ አንድ ጊዜ እጄን ልሰድለት አልኩና ተውኩት። በእሱ የተነገረን ከእንግዲህ ማን ያምናል? ቤት ለቤት መሄድ ነበረብኝ። ፀሐይዋ ወደ ጉጌ ተራራ አዘንብላ ነበር፤ አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ተራራው ስለሚጋርዳት ቀኑ በድንገት ነው የሚጨልመው።

መጀመሪያ ማሚቱ ቤት አንኳኳሁ። ሰዓቴን ስታይ ሳቀች።

«አሁንስ ስንት ደቂቃ ፈጀንባችሁ፣ ጓድ ካሱ?»

«እትዬ ማሚቱ፣ የደበሌ ሚስት አገርነሽ ሞታለች።»

«ጠዋት የሞተ የለም አላልክም?»

«ጠዋትም ሞታ ነበር።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ጠፋ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሞተች ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ደቂቃዎች ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝና ከሦስት ሰዓት ከአሥር በፊት አልኳት።

«እኛ በመጣን ጊዜ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እና መለስከን።»

ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ገፍታኝ አለፈች፤ መንገድ ላይ ስትደርስ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔ ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ። በየበሩ ያንኑ ተናገርኩ፤ አንዳንዱ እናትህ ትሙት በል አለኝ፣ ማልኩ። አንዱ ሽማግሌ ደረቴን በመዳፉ ገፋኝ። ሃያ ስድስት በር ቆጥሬአለሁ፤ ሌሎቹ የማሚቱን ጩኸት ሰምተው ወጡ።

ሊጨልም ትንሽ ሲቀረው ቀበርናት። ድንኳን ለመትከል ጊዜ አልነበረም። የእነ ደበሌ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከተዘጋ ቆይቷል፤ አንድ የቀድሞ አገልጋይ እንደ ማንኛውም ቀባሪ ኮት ለብሶ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸለየላት። ጌጤ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ልቅሶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አወረደችው፤ የሚያስቆማት አልተገኘም። አፈሩን ሲመልሱ አብሬ አካፋ ያዝኩ፤ የከለከለኝ የለም፣ ያናገረኝም የለም።

ከቀብር ስንመለስ እንደ ደንቡ ማሚቱ ማስታጠቢያ ይዛ ደበሌ ደጅ ላይ ቆመች። ቀባሪው እየተራመደ እጁን ይዘረጋል፤ ታፈስስለታለች፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ይገባል። ገነነ ከፊቴ ነበር፤ ታጠበ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ማሚቱ አየችኝ። ማስታጠቢያውን ቀና አደረገችና ከኋላዬ ላለው ሰው አፈሰሰችለት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው። አፈሩ እጄ ላይ እስኪደርቅ ቆምኩ። ከዚያ ብስክሌቴን እየገፋሁ ቤቴ ሄድኩና ራሴ ታጠብኩ።