በሁዳዴ አንድ ድምፅ

ለቡ መብራት ኃይል ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ትሩፋት ሳክስፎን ትነፋለች። ሰፈሩ ይህን ከለመደው ቆይቷል። በአሥራ አምስት ዓመቷ የቀበሌ ኪነት ቡድን ስትገባ ዘፋኝ ልትሆን ነበር፤ ድምጿ ግን እንኳን ለመድረክ ለጓዳም አልሆነ። ሳክስፎኑን ደግሞ ወንዶቹ ይከብዳል ብለው ትተውት ነበርና አነሳችው። ይኸው አርባ ዓመት አልተለያዩም። ባል መጥቶ ሄዷል፣ መንግሥት መጥቶ ሄዷል፣ ሳክስፎኑ አለ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ ጃዝ ትጫወታለች።

ችግሩ ሁዳዴ ነው። ጾሙ ሲገባ ሆቴሉ ሙዚቃውን ያቆማል፤ ትሩፋትም እንደ ክርስቲያን ሳክስፎኗን በነጠላ ጠቅልላ ለሃምሳ አምስት ቀን አልጋ ሥር ታስገባዋለች። ከንፈር ደግሞ ካልነፉበት ይሰንፋል። ወጣት ሳለች በሁለት ቀን ይመለስላት ነበር። አምና በፋሲካ ግን መድረክ ላይ ወጥታ ገና ሁለተኛው ዜማ ላይ ከንፈሯ ከዳት። ከሳክስፎኑ የወጣው፣ ሚስማር እንደ ወጋው የመኪና ጎማ፣ "ሽሽሽ" ብቻ ነበር። የባንዱ መሪ ሃሩን ኪቦርዱን የሳክስፎን ድምፅ ላይ አደረገና የቀረውን እሱ ጨረሰላት። ሰዉም አጨበጨበ። ልዩነቱን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ትሩፋትን ያንገበገባት ይኼ ነው።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል ሃሩን ጎኗ ቁጭ ብሎ በትሕትና ነገራት።

"እትዬ፣ በፋሲካ እንደ አምናው ከሆነ... ያው ኪቦርዱ አለ። እርስዎም ትንሽ ቢያርፉ ምናለ?"

"የማርፈው ስሞት ነው" አለችው። "እሱንም አስቤበት ነው።"

ስለዚህ ዘንድሮ ሳክስፎኑ አልጋ ሥር አልገባም። በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትነፋለች። ዘፈን አይደለም። አንድ ድምፅ ትይዝና ትንፋሿ እስኪያልቅ ትጎትተዋለች፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው። "እስከ ፋሲካ ዘፈን የሚመስል ነገር ከነፋሁ ሥጋ እንደ በላሁ ይቆጠርብኝ" ብላ ለፈጣሪዋ ቃል ገብታለች።

ልክ ከሥሯ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ወጋየሁ ይኖራሉ። ጡረተኛ ናቸው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ እስከዚያው የሰፈሩን ጥፋት ሲፈልጉ ይውላሉ። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ደረጃው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። "አጀንዳ፦ በጾም ስለሚነፋ ዘፈን" ይላል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጋራ ቤቱ ጢም አለ። ስለ ውሃ ፓምፕ ሲጠራ አሥር ሰው የማይመጣበት ስብሰባ የዚያን ቀን ወንበር ጠፋበት። ትሩፋት ሳክስፎኗን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች።

"እሱን ደግሞ ምን ልታደርጊበት ነው?" አሉ አቶ ወጋየሁ።

"ተከሳሹ እሱ አይደል እንዴ? ይቅረብ ብዬ ነው።"

ቤቱ ሳቀ። አቶ ወጋየሁ ጠረጴዛውን መቱ።

"ቀልድ አይደለም! ሰው በሚሰግድበት ወር ዘፈን?"

"የትኛው ዘፈን ጋሼ? ስሙን ይንገሩኝ።"

አቶ ወጋየሁ ትንሽ አሰቡ። "ያው... ያ ዝም ብሎ የሚረዝመው ነዋ!"

ትሩፋት ሳክስፎኑን አፏ ላይ አደረገችና አንድ ድምፅ ነፋች፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚነሳ። የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ አሁንም ሄደ። ሰዉ ሳያስበው አብሯት ትንፋሹን ያዘ። ከአንደኛ ፎቅ የመጣችው ወርቅዬ አላስችል ብሏት "ኧረ ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው!" ብላ ጮኸች።

አልሞተችም። ላብ በላብ ሆና ጨረሰችና ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። "አሁን ዘፈን የሰማ እጁን ያውጣ።"

ከኋላ ኦቦ በንቲ ተነሱ። ኮንዶሚኒየሙ የቆመው ድሮ እሳቸው ጤፍ በሚዘሩበት ማሳ ላይ ስለሆነ፣ ሲናገሩ ሁሉም ጸጥ ይላል።

"ይኼ ዘፈን ከሆነ ወፍጮ ቤቱም ዘፋኝ ነው" አሉ። "እዚሁ መሬት ላይ በሬዬ ከዚህ የባሰ ሲጮህ ኖሯል። ጾም ገደፈ ያለው የለም።"

ትሩፋት ከበሬ ጋር መቆጠሯን ዋጥ አደረገችው፤ በዚያ ሰዓት ጠበቃ አይመረጥም። አቶ ወጋየሁ ግን በባዶ ሆዳቸው እንኳ የሚበገሩ ሰው አይደሉም።

"መልካም! አንድ ድምፅ ዘፈን አይደለም፤ ተቀብለናል። እንግዲያው በቀን አንድ ድምፅ ይፈቀድላት። ሁለት ከሆነ ግን ዜማ ነው!"

ሰዉ ምሳው ታይቶት ነበርና እጁን አወጣ። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ እስክሪብቶው ወደ ትሩፋት መጣ።

በቀን አንድ ድምፅ። ያ ማለት በፋሲካ ዳግመኛ "ሽሽሽ" ማለት እንደሆነ ከእሷ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። እስክሪብቶውን አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አልፈርምም። ዘፈን አልነፋም ብዬ ለፈጣሪ ቃል ገብቻለሁ፤ እሱን እጠብቃለሁ። ድምፄን በቁጥር መስፈር ግን የኮሚቴ ሥራ አይደለም።"

"ተወስኗል እኮ!"

"የወሰነው ይንፋዋ!"

ሰኞ፣ አራት ሰዓት። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና አንድ ድምፅ ነፋች፤ እስከ ጫፉ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች እጃቸውን ገመዱ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። ከታች ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ትሩፋት ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፣ አየር ሳበች፣ ሁለተኛውን ነፋች።

"ሁለት!" አሉ አቶ ወጋየሁ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ላይ እያዩ። "ሁለት ሆነ ትሩፋት! ሰምተሻል?"

ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

"በርቱ ጋሼ፣ ይቁጠሩልኝ። እኔ ስነፋ ቁጥር ይጠፋብኛል።"

ሦስተኛውን ጀመረች።